«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት ስቴቱ ይፈተሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከፒያሳ እስከ ስታዲየም፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ አገልግሎት ፈልጎ መስኮት ፊት የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ቃል «ሲስተም የለም» የሚል ነው። በስልኩ የከፈተው ገጽ ሲወላገድበት ደግሞ «ኔትወርክ ነው» ይባልና ነገሩ እዚያው ይቀበራል። እኛ የዌብ መተግበሪያዎችን ፍሮንት ኤንድ፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚያየውንና በጣቱ የሚነካውን ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። በኔትወርክ ከሚሳበቡት ብልሽቶች ቀላል የማይባሉት የስቴት አያያዝ ብልሽቶች ናቸው፤ ገጹ ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊትም በዩኒት ቴስት፣ ማለትም የኮዱን ትንሽ ክፍል ለብቻው በሚፈትሽ አጭር ኮድ፣ ሊያዙ ይችሉ ነበር። ኔትወርክ እንደሚዘገይና እንደሚቆራረጥ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም። አስቀድሞ የታወቀ ነገር ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ስቴት የምንለው ገጹ በአንዲት ቅጽበት የሚያስታውሰውን ሁሉ ነው። ከለገሃር አካባቢ ለሚነሳ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚቆረጥበትን ገጽ እንውሰድ። የተመረጠው ከተማ፣ የጉዞው ቀን፣ 14 ቁጥር ወንበር፣ ወንበሩ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ፣ ዋጋው፣ ክፍያው የደረሰበት ደረጃ፦ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ስቴት ይባላሉ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የዚህ ማስታወሻ ግልባጭ ነው። ማስታወሻው ከተሳሳተ ግልባጩን ምንም ቢያሳምሩት አይቃናም።

ተሳፋሪው «ክፈል» የሚለውን ይነካል። ምላሽ ይዘገያል። ደግሞ ይነካል። ሁለት የክፍያ ጥያቄ ይሄዳል። ይህ ለምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ኮዱ ለየብቻ የቆሙ ሦስት የእውነት/ሐሰት ምልክቶች ይይዛል፦ «እየተላከ ነው»፣ «ከሽፏል»፣ «ተከፍሏል»። ሦስት ምልክቶች 8 ዓይነት ጥምረት ይሰጣሉ፤ ትርጉም ያላቸው ግን 4ቱ ብቻ ናቸው፤ ገና አልተጀመረም፣ እየተላከ ነው፣ ተሳክቷል፣ ከሽፏል። የቀሩት 4 ጥምረቶች፣ ለምሳሌ በአንድ ጊዜ «ተከፍሏል» እና «ከሽፏል»፣ በእውነተኛው ዓለም የሉም፤ ኮዱ ውስጥ ግን በሩ ክፍት ስለሆነ አንድ ቀን ይገባሉ። መፍትሔው ሦስቱን ምልክቶች አውጥቶ «የክፍያ ደረጃ» የሚል አንድ ቦታ ማኖርና ከአራቱ ዋጋዎች አንዱን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከዚያ ቴስቱ አጭር ነው። ስቴቱን «እየተላከ ነው» ላይ እናስቀምጣለን፤ «ክፈል ተነካ» የሚለውን አክሽን፣ ማለትም የሆነውን ነገር ለስቴቱ የሚነግር መልእክት፣ እንልካለን፤ ሁለት ነገር እናረጋግጣለን። ደረጃው እንዳለ መቅረቱን፣ በእውነተኛው የመላኪያ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ምትክ ያስገባነው ቆጣሪ ፋንክሽንም አንድም ጊዜ አለመጠራቱን። አዝራሩን ማደብዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ ያው አክሽን ሲከሽፍ በራሱ ደግሞ ከሚልክ ኮድም ሊመጣ ይችላል። ይህ ቴስት ግን የሰርቨሩን ግዴታ አያነሳም። እያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ይዞ ሄዶ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ እንዳያስከፍል የባክ ኤንዱ፣ ማለትም የሰርቨሩ ወገን፣ ክፍል ለብቻው መፈተን አለበት።

እንዲህ ያለ ቴስት ብራውዘርም ሰርቨርም አይፈልግም። ዳን አብራሞቭና አንድሪው ክላርክ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪዳክስ የሚባለው የስቴት ማስተዳደሪያ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ነገሩን ያቀለለው በዚህ በኩል ነው። ሪዲዩሰር የሚባለው ፋንክሽን የድሮውን ስቴትና አንድ አክሽን ይቀበላል፣ አዲስ ስቴት ይመልሳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሰዓት አያይም፣ ሰርቨር አይጠይቅም፣ ዕጣ አያወጣም። ለተመሳሳይ ግብዓት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ስለሚሰጥ ጄስት ወይም ቪቴስት የሚባለው የቴስት ማስሮጫ በሚሊ ሰከንዶች ይፈትሸዋል። ሰዓት የሚያስፈልገው ከሆነ ሰዓቱ በአክሽኑ ውስጥ ተጭኖ ይምጣ እንጂ ሪዲዩሰሩ ራሱ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ አይጠይቅ። ከጠየቀ ያ ቴስት ዛሬ አልፎ ነገ ይወድቃል።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ደግሞ አለ። የተመረጡ ወንበሮች ዝርዝር ላይ አዲስ ወንበር ሲጨመር ኮዱ አዲስ አሬይ (የዝርዝር መያዣ) ሠርቶ ከመመለስ ይልቅ የድሮውን አሬይ ራሱን ይነካካዋል። ቴስቱ «ቱ ኢኳል» በሚባለው ማነጻጸሪያ ከተጻፈ ያልፋል፤ ምክንያቱም እሱ የሚያየው ይዘትን ነው፣ ይዘቱ ደግሞ ትክክል ነው። ገጹ ላይ ግን 14 ቁጥር ወንበር ቀለሙን አይቀይርም። ገጹን የሚስለው ሪአክት የሚባለው ላይብረሪ ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው ኦብጀክቱ (ስቴቱን የያዘው የዳታ ጥቅል) ያው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ብሎ ነው፤ ያው ራሱ ከሆነ ስክሪኑን አይነካም። ተሳፋሪው ወንበሩ ያልተያዘ መስሎት ደጋግሞ ይነካል። ለዚህ ቴስቱ ውስጥ ሁለት መስመር ይበቃል። አንደኛው ስቴቱ ለሪዲዩሰሩ ከመሰጠቱ በፊት እስከ ውስጥ ድረስ እንዲታሰር፣ ማለትም እንዳይለወጥ እንዲቆለፍ፣ ማድረግ ነው። «ኦብጀክት ፍሪዝ» ብቻውን የሚያስረው የላይኛውን ንብርብር ስለሆነ ወደ ውስጥ እየዘለቀ የሚያስር ትንሽ ፋንክሽን ያስፈልጋል። በስትሪክት ሞድ (በጃቫ ስክሪፕት ጥብቅ አሠራር) የሚሮጥ ኮድ የታሰረ ኦብጀክት ላይ ለመጻፍ ከሞከረ ወዲያው ስህተት ይጥላል፤ ያለ ስትሪክት ሞድ ግን ዝም ብሎ ያልፋል፣ ጽሑፉም አይጻፍም። ሁለተኛው «ቱ ቢ» በሚባለው ማነጻጸሪያ አዲሱ አሬይ ከድሮው የተለየ ኦብጀክት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሪዲዩሰሩ የማያውቀው አክሽን ሲመጣ ያንኑ የድሮውን ኦብጀክት ራሱን መመለስ አለበት፤ ቅጂ ከመለሰ ገጹ በከንቱ ራሱን እየደጋገመ ይስላል፣ ደካማ ስልክ ላይም ይንቀራፈፋል።

በሪዳክስ ቱልኪት፣ በሪዳክስ ይፋዊ የመሣሪያ ስብስብ፣ የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ችግር በከፊል ያመልጣሉ፤ ውስጡ ያለው ኢመር የሚባለው ላይብረሪ ቅጂውን ራሱ ይሠራል፣ ውጤቱንም ያስራል። በዚያ ፈንታ ሌላ ደንብ ያመጣል። ድራፍቱን (ኢመር ለመለወጥ የሚሰጠውን ረቂቅ) ወይ ይነካካሉ ወይ አዲስ ስቴት ይመልሳሉ፤ ሁለቱን በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ካደረጉ ስህተት ይጥላል።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ለእኛ ከተማ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ቀድሞ የተላከ ጥያቄ ምላሹ ኋላ ሲደርስ የሚሆነው ነገር ነው። ተሳፋሪው መጀመሪያ ባሕር ዳርን ይመርጣል፤ ሐሳቡን ለውጦ ሐዋሳ ይላል። የሐዋሳው ምላሽ በግማሽ ሰከንድ ይደርሳል፤ የባሕር ዳሩ ተንገላቶ ከ4 ሰከንድ በኋላ ይመጣና በላዩ ላይ ይጻፋል። ገጹ አናት ላይ «ሐዋሳ» ይላል፤ ከሥሩ የተዘረዘሩት ግን የባሕር ዳር አውቶቡሶች ናቸው። ፈጣን መስመር ላይ ተቀምጦ ኮዱን የጻፈ ባለሙያ ይህን አያየውም፤ ለእሱ ምላሾቹ ሁልጊዜ በተራቸው ይመጣሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቴስቱ ራሱ ማዛባት አለበት። ሁለት ፕሮሚሶችን (ኋላ የሚደርስ ምላሽ መያዣዎችን) መቼ እንደሚፈቱ በእጃችን ይዘን እናዘጋጃለን። ባሕር ዳርን እንጠይቃለን፣ ሐዋሳን እንጠይቃለን፤ ከዚያ የሐዋሳውን አስቀድመን፣ የባሕር ዳሩን አስከትለን እንፈታለን። በመጨረሻ ስቴቱ ውስጥ መገኘት ያለባቸው የሐዋሳ አውቶቡሶች ብቻ ናቸው። ይህ ቴስት ቀይ ከሆነ፣ ማለትም ከወደቀ፣ ማስተካከያው ረጅም አይደለም። የመጨረሻውን ጥያቄ መለያ ስቴቱ ውስጥ መያዝና መለያው የማይገጥመውን ምላሽ መጣል ነው። የሪዳክስ ቱልኪት «ክሬት ኤሲንክ ተንክ» ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያውን ራሱ ስለሚያያይዝ ማነጻጸሩ ብቻ ይቀራል። «አቦርት ኮንትሮለር» ተጠቅሞ የድሮውን ጥያቄ መቁረጥም ይቻላል፤ ዳታ ይቆጥባልና እኛ ሁለቱንም እንመክራለን።

ቴስት እውነተኛ ኔትወርክ መንካት የለበትም። መጥለፊያው ግን የት ይሁን የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። መጠለፍ ያለበት ጠርዙ ነው፤ ማለትም ጥያቄው ከገጹ ወጥቶ ወደ ሰርቨር የሚሄድበት ቦታ። ኤምኤስደብሊው የሚባለው ላይብረሪ ለዚህ የተሠራ ነው። ስቶሩን፣ ማለትም ስቴቱን የሚይዘውን የኮድ ክፍል፣ ራሱን በአስመሳይ የተካ ቴስት ግን አስመሳዩን እንጂ ሥራውን አልፈተነም። እንደ ሪአክት ገጽ መሥሪያ በሆነው በቪዩ የሚሠሩ ወገኖች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የቪዩ ስቶር ላይብረሪ የሆነው የፒንያ «ክሬት ቴስቲንግ ፒንያ» ካልተነገረው በቀር አክሽኖቹን ሁሉ በባዶ ፋንክሽን ይተካል። «ክፈል» የሚለው አክሽን ተጠርቷል ይላል፣ ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ኮድ ግን አንድ መስመር እንኳ አልሮጠም። ለገጹ ክፍሎች ቴስት ሲባል ይህ ጥሩ ነው፤ ስቶሩን ለመፈተን ሲሆን ግን «ስተብ አክሽንስ» የሚለውን ምርጫ ማጥፋት ወይም እውነተኛውን ፒንያ መጠቀም ግድ ነው።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ወንበር ለ10 ደቂቃ ተይዞ ይቆያል እንበል። ብዙ ኮድ ስቴቱ ውስጥ 600 ሰከንድ ያስቀምጥና በየሰከንዱ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል። ተሳፋሪው ለመክፈል ወደ ባንክ መተግበሪያው ሲሻገር ገጹ ከጀርባ ይቀራል። ክሮም ከቨርዥን 88 ጀምሮ ከ5 ደቂቃ በላይ ተደብቆ ዝም ያለን ገጽ ታይመር (በየጊዜው ኮድ የሚያስነሳውን ሰዓት ቆጣሪ) በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ያስነሳል፤ ስልክም ገጹን ጨርሶ ሊያስተኛው ይችላል። ተሳፋሪው ከ11 ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ገጹ «4 ደቂቃ ቀርቶዎታል» ይለዋል፤ ወንበሩ ግን ሰርቨሩ ላይ ለሌላ ሰው ሄዷል። ስለዚህ ስቴቱ የሚይዘው የቀረውን ሰከንድ ሳይሆን ማብቂያውን ሰዓት መሆን አለበት፤ የቀረው ከአሁኑ ሰዓት ተቀንሶ ይሰላል። ይህን ለመፈተን 10 ደቂቃ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጄስትም ቪቴስትም የውሸት ሰዓት አላቸው። ሰዓቱን 9 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ስናደርገው ወንበሩ መያዝ አለበት፤ አንድ ሰከንድ ስንጨምር መለቀቅ አለበት። ዋናው ቴስት ግን ታይመሩን አንዴም ሳናስነሳ ሰዓቱን ብቻ 11 ደቂቃ ወደ ፊት የምናዘልበት ነው፤ የተኛውን ስልክ የሚመስለው እሱ ነው። ፕሮሚስና ታይመር የተቀላቀሉበት ኮድ ሲሆን ደግሞ ሰዓቱን የሚያራምደውን ፋንክሽን «ኤሲንክ» የተባለውን ዓይነት መጠቀም ይገባል፤ አለዚያ ታይመሩ ይነሳል፣ ፕሮሚሱ ግን ሳይፈታ ይቀራል፣ ቴስቱም ያለ ምክንያት የወደቀ ይመስላል።

የቀን ጉዳይ የራሳችን ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ላይብረሪም ሆነ መማሪያ በአብዛኛው አይነግረንም። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ቀኑን በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚቆርጥ ኮድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁልጊዜ ትናንትን ይጽፋል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ትኬት የቆረጠ ሰው እንዲህ ባለ ገጽ ላይ የሚያገኘው ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ነው፤ ቀኑም ወሩም ዓመቱም ተሳስቷል። ጳጉሜን 6 ራሷም ቴስት ትፈልጋለች፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበረች፣ በማግሥቱ ሴፕቴምበር 12 መስከረም 1 ቀን 2016 ገባ። በዓመቱ ደግሞ ዕንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 11 ተመለሰ። የወሩን ቁጥር 12 ላይ የሚያቆም ኮድ ጳጉሜን ላይ፣ ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን የሚያደርግ ኮድ ደግሞ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ ይወድቃል። የቴስት ሰርቨሮች በአብዛኛው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሠሩ፣ የባለሙያው ላፕቶፕ ደግሞ በአዲስ አበባ ሰዓት ስለሆነ፣ ያው ቴስት አንዱ ጋ አልፎ ሌላው ጋ ሊወድቅ ይችላል። ሁለቱም የሰዓት ክልል ላይ አውቆ ማስሮጥ ይሻላል።

ገንዘቡም እንደዚሁ ነው። ጃቫ ስክሪፕት ውስጥ 19.99 ሲባዛ በ100 የሚሰጠው 1998.9999999999998 ነው፤ ነጥቡን ወደ ታች የሚቆርጥ ኮድ 1998 ሳንቲም ብሎ አንድ ሳንቲም ይውጣል። ስቴቱ ውስጥ ዋጋ በሙሉ ቁጥር ሳንቲም ይቀመጥ፤ ወደ ብር መቀየር ስክሪኑ ላይ ብቻ ይሁን። ቀጥሎ የማጠጋጋት ደንብ አለ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 10 ብር ከ03 ሳንቲም ላይ 150.45 ሳንቲም ይሆናል፤ ለየእቃው ተጠጋግቶ ለ3 እቃ ሲደመር 450 ሳንቲም ነው። መጀመሪያ ዋጋው ተደምሮ አንድ ጊዜ ከተጠጋጋ ግን 451 ይመጣል። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው የሒሳብ ክፍሉ ነው እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም። ውሳኔው በእነዚሁ ቁጥሮች ቴስት ሆኖ ከተጻፈ ከዓመት በኋላ ኮዱን የሚነካ ሰው ሳያውቅ አይቀይረውም።

ቴስቶቹ ራሳቸው እርስ በርስ ሲበላሹም ይታያል። ለብቻው ሲሮጥ የሚያልፍ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲሮጥ የሚወድቅ ቴስት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስቶሩ ነው። ዙስታንድ በሚባለው ሌላ የስቶር ላይብረሪ የተሠራ ስቶር አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ሲጫን አንዴ ይፈጠራል፣ በአንድ የቴስት ፋይል ያሉ ቴስቶች ሁሉ ይጋሩታል፤ የፊተኛው ቴስት የመረጠውን ወንበር የኋለኛው ተመርጦ ያገኘዋል። ለእያንዳንዱ ቴስት አዲስ ስቶር የሚሠራ ፋንክሽን ማዘጋጀት፣ ፒንያ ከሆነ ከየቴስቱ በፊት አዲስ ፒንያ መትከል፣ ሎካል ስቶሬጁንም (ብራውዘሩ ስልኩ ላይ ዳታ የሚያስቀምጥበትን ቦታ) ማጽዳት ነው መድኃኒቱ። ቅደም ተከተሉን በዘፈቀደ እያቀያየሩ ማስሮጥ የተደበቀውን ያወጣዋል።

ሎካል ስቶሬጅ ከተነሳ አይቀር፣ «ካሽ አጽዱና ሞክሩ» የሚባለው ምክር ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ ነው። ያለፈው ቨርዥን ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ስቴት አዲሱ ቨርዥን ሳይጠይቅ ያነበዋል፤ ቅርጹ ስለተለወጠ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከእያንዳንዱ የወጣ ቨርዥን አንድ የተቀመጠ ስቴት ናሙና በፋይል ይቀመጥ፤ አዲሱ ኮድ ሁሉንም በተራ እያነበበ እንዲያሳልፍ ቴስት ይጻፍ። ግማሹ የተቆረጠ፣ ጨርሶ የማይነበብ ናሙናም አንድ ይጨመር፤ ያኔ ኮዱ ከመነሻ ስቴት መጀመር አለበት።

ሁሉም ነገር ዩኒት ቴስት ይፈልጋል አንልም። አንድን ዋጋ ተቀብሎ እንዳለ የሚያስቀምጥ ሪዲዩሰር ለብቻው ቢፈተን የሚያተርፈው የለም፤ እሱን ከእውነተኛው ስቶርና ከገጹ ክፍል ጋር አንድ ላይ የሚፈትን ቴስት ይሸፍነዋል፤ የሪዳክስ ሰነድም የሚመክረው ወደዚያው ነው። ለብቻ መፈተን ያለበት ስሌት፣ ሰዓት፣ ቅደም ተከተልና ደረጃ ያለበት ኮድ ነው። ስቴቱን በሙሉ ፎቶ አንስቶ የሚያስቀምጥ ስናፕሾት ቴስትን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። አንድ ቃል በተለወጠ ቁጥር ቀይ ይሆናል፤ የሰለቸው ባለሙያ አንድ ቁልፍ ተጭኖ አዲሱን ፎቶ ትክክል ነው ብሎ ያጸድቃል፤ እውነተኛው ስህተትም አብሮ ይጸድቃል። 100 በመቶ ሽፋን የሚል ሪፖርትም አያታልል፤ ሽፋን የሚቆጥረው የሮጠውን መስመር ነው፣ የተረጋገጠውን አይደለም። ምንም የማያረጋግጥ ቴስትም ሙሉ ሽፋን ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ መተግበሪያ አሠርተው ርክክብ የሚፈርሙ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሁለት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ሁለቱም በአንድ ስብሰባ ያልቃሉ። ዋይፋዩም ኬብሉም ተነቅሎ ቴስቶቹ ፊታቸው እንዲሮጡ ይጠይቁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚወድቅ ዩኒት ቴስት ካለ ሳይጠለፍ የቀረ ጠርዝ አለ ማለት ነው። ከዚያ ሠሪው ራሱ ስክሪኑ ላይ ሁለተኛውን «ክፈል» የሚያግደውን የኮድ መስመር አጥፍቶ ቴስቶቹን ደግሞ ያስሩጣቸው። አንድም ቴስት ቀይ ካልሆነ ያ መስመር ጠባቂ የለውም፤ ቴስቱ እስኪጻፍ ፊርማው ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር
የፍሮንት ኤንድ ባለሙያዎች፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ